የጥዱ ትኋን

ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ይላል ያገራችን ተረት፤
እስቲ ለትኋን ስም ሊያወጣ፣ የትኛው መልአክ ይውረድለት?

ትኋን ስልህ ክንድህን አትከክ፣ አልጋህንም አትፈትሸው፤
ይሄኛው ደም አያውቅም፤ የቅጠል ውሃ ነው የሚመጥጠው።
አበባ ላይ፣ እንቡጥ ላይ፣ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር፣
ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ፣ በመርፌ ከወጉት የሚሰበር።

በታርቱ፣ ከሙዚየሙ ምድር ቤት፣ ኤንድላ አለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
በሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ፣ አንዷን በሙጫ ጠብታ አንጠልጥላ፤
ከሥሯ ጽሑፍ፦ ቦታ፣ ቀን፣ ዛፍ፣ የለቃሚው ስም በስተኋላ።

ወንዱን ከወንድ የሚለየው፣ ከሆዱ ጫፍ ያለው መንጠቆ ነው፤
ባመድ ውሃ ቀቅላ አውጥታ፣ መዳፍ አሳክላ ነው የምትሥለው።
ፓስተሩ ሊጠይቃት ከመጣ፣ ሥዕሉን በፊቱ ትደፋዋለች፤
ምነው ቢሏት፣ «እሱም ወንድ ነው፣ ይደነግጣል» ትላለች።

«ዛሬስ ስንት ወለድሽ?» ይላታል፣ ቪልማር ደረጃው ላይ ሲያገኛት፤
«እግር ስቆጥር ዋልኩ» ትለዋለች፣ «አንዱ ጭኑ ላይ እሾህ ጎድሎት።»

አንድ ክረምት፣ ከመሳቢያ ሥር፣
የክብሪት ቀፎ። ጥጥ። በጥጡ መሐል ሰባት ሴቶች፣
ክንፈ አጭር፣ ቡላ፣
ሁሉም ባንድ እጅ የተለቀሙ።
በእርሳስ፦ «ሂዩማ ደሴት። ጥድ። ሐምሌ 1938። አልቪኔ፣ መምህርት።»

ከዚያ ወዲያ ጭጭ። በመጋቢት፣ በከብት ባቡር ጫኗት አሉ፤
ልጅ አልነበራት፣ መቃብር የላት፤ የሚያውቋትም አልቀዋል ሁሉ።

ኤንድላ ቆጠረች፣ ለካች፣ ከመጻሕፍቱ አመሳከረች፣
አዲስ ናት አለች። «የአልቪኔ» ብላ በላቲን ስም አወጣች።
ቀይ ወረቀት ሰካችላት፣ ስም ተሸካሚዋ ትሁን ስትል፤
ሐውልት ያጣች መምህርት፣ በትኋን ጀርባ ላይ ስትውል።

*

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ሐምሌ ነው፤ ደሴቱ ላይ ፀሐይ፤
ኤንድላ ጥድ ትመታለች፣ ጃንጥላ ገልብጣ ወደ ሰማይ።
ዘነበ፦ የጥድ መርፌ፣ ሸረሪት፣ ፍሬ፣ አቧራ፤
በመሐሉም ሁለት ትኋን፣ ጅራት ለጅራት፣ ላንድ ሥራ።

ሴቷ ክንፈ አጭር፣ ቡላ፦ አልቪኔ። ገና ሳታጎነብስ ለየቻት።
ወንዱ ረዥም ክንፍ፣ ቀላ ያለ። እሱንም አወቀችው፤ አንዳች ነገር ወጋት።
አንድ የሪጋ መድኃኒት ቀማሚ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣
«ዝገትማ» ብሎት አልፏል፤ ባራት መስመር፣ ያለ ሴት።

ቆመች። ትንኝ አንገቷን በላት።
ባልና ሚስትን ሁለት ዘር ብላ፣
በሁለት ሣጥን አፋታ ኖራለች።

ሕጉ አጭር ነው፦ ቀድሞ የተጻፈ ስም ይገዛል፤
ኋላ የመጣው፣ ቢያምርም፣ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል።

ማንም አላየ። ጃንጥላውን ብታራግፍ፣ ነፋስ ነው ምስክሩ፤
ወንዱ ወደ ጥዱ፣ ሴቷ ወደ ሣሩ፣
ሁለቱም ስሞች በሰላም ይኖሩ።

አላራገፈችም።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ይዛ፣
ሁለት መስመር ጻፈች፤ ደግማ አነበበች፣ ፈዛ፦
«የአልቪኔ የተባለችው፣ የዝገትማ ሴት ሆና ተገኘች፤
ስሟ ተሽሯል፤ የተሳሳተችው፣ ራሷ ስም አውጪዋ ነች።»

ሰም ቢቀልጥ ወርቅ ከሥሩ ይቀራል፣ ስንል ነበር፤
ስም ሲቀልጥስ ምን ይቀራል?
ጥድ ላይ የሚሄድ ስድስት እግር።

ግን የተሻረ ስም አይፋቅም፤ ለሌላም አይሰጥም ዳግመኛ፤
ከዝገትማ በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ገባ ብሎ ይተኛል፣ ብቸኛ፤
ለሚያነብ ሁሉ፦ አንዲት መምህርት፣ አንድ ሐምሌ፣ ጥድ ሥር ነበረች።

በመስከረም ሰባቱን ሴቶች፣ ከነቀይ ወረቀታቸው፣
ከወንዱ ሣጥን አስገባች፣ ጎን ለጎን አሰልፋቸው።
ደረጃው ላይ ቪልማር፦ «ዛሬስ ስንት ወለድሽ?»
«አልወለድኩም» አለች። «ዳርኩ።»

ሳቀ።
እሷ ኪሷ ውስጥ ቁልፏን ፈለገች።